የሚታየውና የሚሰማው ነገር ንክኪን እንዴት እንደሚለውጠው፦ በሥራቸው ሰው ለሚነኩ የተዘጋጀ መመሪያ

ነርስ የታካሚን ክንድ ስትይዝ፣ የማሳጅ ባለሙያ የደንበኛውን ትከሻ ሲያሽ፣ ወላጅ የሚያለቅስ ሕፃን ጀርባ ሲደባብስ፣ ሁሉም የሚጠነቀቁት ለእጃቸው ነው፤ ጠበቅ ላድርግ ወይስ ላላ፣ ልፍጠን ወይስ ዝግ ልበል እያሉ ያስባሉ። ጥንቃቄው ተገቢ ቢሆንም ብቻውን አይበቃም። አንድ እጅ በአንድ ዓይነት ጉልበትና ፍጥነት እየነካ አንዱን ሰው ሲያረጋጋ ሌላውን ሊያሳቅቅ ይችላል፤ ልዩነቱም ብዙውን ጊዜ የሚመጣው ከቆዳው ሳይሆን ተነኪው በዚያች ቅጽበት ካየውና ከሰማው ነገር ነው።

መመሪያው የሚያተኩረው በዚሁ በሚታየውና በሚሰማው ነገር ላይ ነው። ዓይን፣ ጆሮና ቆዳ ስለ አንድ ጉዳይ የተጠሩ ሦስት ምስክሮች ናቸው ብለን ብናስብ፣ የነኪው ሥራ ምስክሮቹን ማስዋብ ሳይሆን ቃላቸው እርስ በርስ እንዲገጥም ማድረግ ነው። ለስላሳ እጅ ከተኮሳተረ ፊት ጋር፣ ወይም የሚያረጋጋ ሙዚቃ ከተጣደፈ እጅ ጋር ሲቀርብ ተነኪው ግራ ይጋባል፤ ግራ የተጋባ ሰው ደግሞ ጡንቻውን ያጠብቃል፣ ትንፋሹን ይይዛል፣ ቀጥሎ የሚመጣውንም ንክኪ በጥርጣሬ ይጠብቃል።

ቆዳ ብቻውን የሚናገረው

ንክኪን የሚያስተላልፉ ነርቮች አንድ ዓይነት አይደሉም። አንደኛው ወገን ወፈር ያለና ማይሊን በሚባል ቅባታማ ሽፋን የተጠቀለለ በመሆኑ መልእክቱን በሰከንድ በአሥሮች በሚቆጠሩ ሜትሮች ፍጥነት ያደርሳል፤ የሚያሳውቀውም የንክኪውን ቦታ፣ ጫናውን፣ ንዝረቱንና የነካንን ነገር ቅርጽ ነው። ሁለተኛው ወገን ቀጭንና ሽፋን የሌለው ሲሆን በሰከንድ 1 ሜትር ገደማ ብቻ ይጓዛል። ሲ-ታክታይል የሚባሉት እነዚህ ዘገምተኛ ነርቮች በብዛት የሚገኙት ጠጉር ባለው ቆዳ፣ ለምሳሌ በክንድ ላይ ሲሆን፣ የሚያደርሱትም በዋነኛነት ንክኪው ደስ ማሰኘቱን ነው። በስዊድን እነ ኦኬ ቫልቦና ሆካን ኦላውሶን እጅግ ቀጭን መርፌ ወደ ነርቭ በማስገባት የነርቮቹን ምልክት በቀጥታ እየመዘገቡ ለረጅም ዘመን አጥንተዋቸዋል። በ2009 የታተመው የሊነ ሎከንና የባልደረቦቿ ጥናት እንዳሳየው ነርቮቹ ከሁሉ ይልቅ የሚነቁት ለስላሳ ብሩሽ በሰከንድ ከ1 እስከ 10 ሴንቲሜትር ፍጥነት ሲያልፍባቸው ነው፤ ተሳታፊዎቹም እጅግ ደስ ይላል ያሉት ይህንኑ ፍጥነት ነበር። በ2014 የወጣ ሌላ ጥናት ደግሞ የሚነካው ነገር ሙቀት ወደ ቆዳው ሙቀት ሲጠጋ፣ ማለትም 32 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ሲሆን፣ ከ18 ወይም ከ42 ዲግሪ ይልቅ ምላሻቸው እንደሚበረታ አሳይቷል።

ስለዚህ ለእጅ የሚሰጠው መመሪያ አጭር ነው፤ እጅዎን ያሙቁ፣ ሲደባብሱም ከክርን እስከ አንጓ ያለውን ርቀት በአምስትና በስምንት ሰከንድ መካከል ይጨርሱ። ከዚህ በኋላ ግን የጉዳዩ ትልቁ ክፍል ከእጅ ውጭ ነው። ከክንድ ተነሥቶ በዘገምተኛው ነርቭ የሚጓዝ መልእክት አንጎል እስኪደርስ ከግማሽ ሰከንድ በላይ ሊወስድ ይችላል። በዚያ ጊዜ ውስጥ ዓይን የነኪውን ፊት አይቷል፣ ጆሮም የድምፁን ቃና ለይቷል፤ ደስታ አብሳሪው የቆዳ መልእክት የሚደርሰው ስለ ሁኔታው ብያኔ መሰጠት ከተጀመረ በኋላ ነው።

ይህ ማለት ቆዳ ምንም አይናገርም ማለት አይደለም። በ2006 በታተመ የማቲው ኸርተንስታይንና የባልደረቦቹ ጥናት ሰዎች በመጋረጃ ተከልለው፣ ነኪውን ሳያዩና ሳይሰሙ፣ በክንዳቸው ላይ ከተደረገ ንክኪ ብቻ ቁጣን፣ ፍርሃትን፣ ፍቅርን፣ ምስጋናንና ርኅራኄን በዘፈቀደ ግምት ከሚገኘው በላይ መለየት ችለዋል። ሆኖም ሁልጊዜ በትክክል አልለዩም፤ ዓይንና ጆሮ የሚገቡትም በዚሁ ክፍተት ነው። ማርክ ኤርንስትና ማርቲን ባንክስ በ2002 እንዳሳዩት አንጎል ከተለያዩ የስሜት ሕዋሳት የመጣውን መረጃ የሚያዋህደው ለእያንዳንዱ እንደ አስተማማኝነቱ ክብደት እየሰጠ ነው። ቀደም ሲል በ1964 ኢርቪን ሮክና ጃክ ቪክተር አራት ማዕዘን የሆነ ዕቃ ወርዱን በሚያሳንስ መነጽር እያሳዩ በእጅ እንዲዳሰስ ባደረጉ ጊዜ፣ ተሳታፊዎቹ በጣታቸው የያዙት ዕቃ በዓይናቸው ያዩትን ቅርጽ የያዘ ሆኖ ተሰምቷቸዋል። ቅርጽን በመሰለ ተጨባጭ ነገር ላይ ዓይን ይህን ያህል ከበረታ፣ «ይህ ንክኪ ደግነት ነው ወይስ ማንአለብኝነት?» በሚል አጠራጣሪ ጥያቄ ላይ የሚኖረው ሥልጣን የሚያስገርም አይሆንም።

በ2012 የታተመው የቫለሪያ ጋዞላና የባልደረቦቿ ጥናት ነገሩን ይበልጥ ይገልጠዋል። ወንድ ተሳታፊዎች እግራቸው ሲደባበስ፣ ነኪዋ ሴት እንደሆነች በአንድ ወቅት፣ ነኪው ወንድ እንደሆነ በሌላ ወቅት በቪዲዮ እንዲያምኑ ተደረገ፤ በእውነቱ ግን በሁለቱም ጊዜ የነካቻቸው ያችው ሴት ነበረች። የስሜት ዘገባቸው ብቻ ሳይሆን የንክኪን መረጃ በመጀመሪያ የሚቀበለው የአንጎል ክፍል ምላሽም እንደ እምነታቸው ተለያይቷል።

በመጀመሪያ በራስዎ ላይ ይሞክሩት

ሌላ ሰው ላይ ከመሥራትዎ በፊት ጉዳዩን በገዛ ቆዳዎ ቢያውቁት መልካም ነው። በ1998 ፊንላንዳውያኑ ቬይኮ ዩስማኪና ሪታ ሃሪ ሰዎች መዳፋቸውን እርስ በርስ ሲያሹ የሚወጣውን ድምፅ በማይክሮፎን ወስደው፣ ቀጭኑን የድምፅ ክፍል አጉልተው በጆሮ ማዳመጫ መልሰው አሰሟቸው። ተሳታፊዎቹ ቆዳቸው ደረቅና ብራና የመሰለ ሆኖ ተሰማቸው፤ በእጃቸው ላይ ግን ምንም አልተለወጠም ነበር።

ይህን በቤት ለመድገም፣ የሚገባውን ድምፅ በቀጥታ ወደ ጆሮ የሚመልስ የስልክ መተግበሪያ፣ የቀጭንና የወፍራም ድምፅ ማስተካከያና ባለ ገመድ የጆሮ ማዳመጫ ይበቃሉ። ባለ ገመድ የተባለው ያለ ምክንያት አይደለም፤ ገመድ አልባው ድምፁን ያዘገየዋል፣ ድምፁ ከእጁ እንቅስቃሴ በዘገየ መጠንም ተፅዕኖው እየደከመ ይሄዳል። ማይክሮፎኑን ወደ እጅዎ አስጠግተው ለአንድ ደቂቃ ያህል በተለመደው ድምፅ መዳፍዎን ይሹ፤ ከዚያም ቀጭኑን ድምፅ ከፍ፣ ቀጥሎም ዝቅ አድርገው ይድገሙት። ሁሉም ሰው እኩል አይሰማውም፤ የተሰማው ሰው ግን በእጅ የሚሠራ ሰው ድምፅን ችላ ሊል እንደማይገባ ለማመን ሌላ ማስረጃ አያስፈልገውም።

እጁ ከመድረሱ በፊት

ንክኪ የሚጀምረው እጅ ቆዳ ላይ ሲያርፍ አይደለም። በጦጣዎች አንጎል ውስጥ ፊት ወይም እጅ ሲነካ ምላሽ ከሚሰጡ ነርቮች አንዳንዶቹ አንድ ነገር ገና ሳይነካ ወደዚያው አካል ሲቀርብ ጭምር እንደሚነቁ ከታወቀ ቆይቷል። በሰዎች ላይም ኤሊሳ ካንዞኔሪና ባልደረቦቿ በ2012 እንዳሳዩት፣ ወደ እጅ የሚቀርብ የሚመስል ድምፅ የሚሰማ ሰው ድምፁ ከተወሰነ ርቀት በታች ሲደርስ በእጁ ላይ ለሚደረግ ንክኪ ፈጥኖ ምላሽ ይሰጣል። በሰውነት ዙሪያ ያለው ቅርብ ክልል የጥበቃ ክልል ነው ማለት ነው፤ ሳይታይና ሳይሰማ ወደዚያ የገባ እጅም የቱንም ያህል ለስላሳ ቢሆን በቅድሚያ የሚያስነሳው መደንገጥን ነው።

ከዚህ የሚከተለው የመጀመሪያው ተግባር ከፊት ለፊት ወይም ከጎን፣ በሚታይ መንገድ መቅረብ ነው። የተኛ ወይም የተቀመጠ ሰው ከሆነ ቁመትዎን ዝቅ አድርገው ፊትዎ በፊቱ ትይዩ እንዲሆን ያድርጉ፤ ከላይ ወደ ታች የሚወርድ እጅ ከጎን ከሚመጣ እጅ የበለጠ ያስፈራል። ሁለተኛው ተግባር እጁ ከመንቀሳቀሱ በፊት መናገር ነው። ብዙ ሰዎች «አሁን ክንድዎን ልይዝ ነው» የሚሉት ክንዱን ከያዙ በኋላ ወይም እየያዙ ነው፤ እንዲህ ሲሆን ቃሉ ማሳወቂያ መሆኑ ይቀርና ለተደረገ ነገር የሚቀርብ ማብራሪያ ይሆናል። ተናግረው አንድ ትንፋሽ ያህል ይጠብቁ፤ የተነኪውን ፊት ይመልከቱ፤ ከዚያ ይንኩ። በዚያች አጭር ጊዜ ሰውየው ራሱን ያዘጋጃል፣ ካልፈለገም ለመናገር ዕድል ያገኛል።

ሊነኩ ነው የተባለው ቦታና በእርግጥ የሚነካው ቦታም አንድ መሆን አለበት። «ትከሻዎን» ብለው አንገት ላይ ቢያርፉ ቀጥሎ የሚሉት ሁሉ ይጠረጠራል።

የሚጠቀሙባቸውን ቃላት ይምረጡ፤ ቃል የቆዳን ስሜት ይለውጣልና። በ2008 በወጣ አንድ ጥናት የሰዎች ክንድ በቅባት እየታሸ፣ ቅባቱ አንድ ጊዜ ቆዳን የሚያለሰልስ ምርጥ ቅባት፣ ሌላ ጊዜ ተራ ቅባት ተብሎ በጽሑፍ ሲቀርብ፣ የደስታው መጠንም ስሜትን የሚመለከቱ የአንጎል ክፍሎች ምላሽም እንደ ስሙ ተለዋውጧል። ይህ ለመዋሸት ፈቃድ አይሰጥም፤ ቀዝቃዛ የሆነውን ጄል ሞቃት ነው ማለት እምነትን በአንድ ጊዜ ያጠፋል። «ጄሉ መጀመሪያ ይቀዘቅዛል፣ ወዲያው ግን ይሞቃል» ማለት ግን እውነትም ነው፣ ስሜቱንም ያለሰልሳል።

ዓይን በንክኪው ጊዜ

በንክኪ ጊዜ ከሁሉ በላይ የሚታየው ፊት ነው። ሰዎች ክንዳቸው ሲደባበስ ፈገግ ያለ ወይም የተኮሳተረ ፊት ሥዕል እንዲያዩ በተደረገ ሙከራ፣ ንክኪው ከፈገግታ ጋር ሲቀርብ ደስ የሚል፣ ከኩስትርና ጋር ሲቀርብ ደግሞ ያን ያህል የማያስደስት ሆኖ ተመዝኗል። ሥዕሉ የነኪው ፊት እንኳ አልነበረም። ስለዚህ ሥራ ላይ ሲያተኩሩ ፊታቸው የሚኮሳተር ሰዎች፣ እነርሱም ብዙ ናቸው፣ ይህን ልማዳቸውን በመስታወት ወይም በባልደረባ ዓይን ቢያውቁት ይጠቅማቸዋል። ሁልጊዜ ፈገግ ማለት አያስፈልግም፤ በሕመም ላይ ላለ ሰው ያለማቋረጥ የሚታይ ፈገግታ ራሱ የተሳሳተ ምስክርነት ነው። የሚያስፈልገው ግንባር የተፈታበት፣ ትኩረቱ ወደ ሰውየው የሆነ ፊት ነው። ጭምብል ማድረግ ግዴታ በሆነበት ሥራ አፍ ስለሚሸፈን የዓይን አካባቢና የድምፅ ቃና የፊትን ድርሻ ይወስዳሉ፤ እንዲህ ባለ ጊዜ ከወትሮው ትንሽ በዝግታና ለዘብ ባለ ድምፅ መናገር ተገቢ ነው።

ፊት ከመኮሳተር የከፋ ነገር ቢኖር ፊትን ማዞር ይመስለኛል። እጅ የታካሚው አንጓ ላይ ሆኖ ዓይን በኮምፒውተሩ ወይም በስልኩ ላይ ሲተከል፣ የሰውየው ክንድ የማንም ያልሆነ ዕቃ ይመስላል። ማያ ገጹን ማየት የግድ ከሆነ እጅን አንሥቶ ማየትና ከዚያ መመለስ ይሻላል፤ ወይም «ቁጥሩን ላይ ነው» ብሎ ዓይኑ የሚሄድበትን ምክንያት ማሳወቅ።

የሚታየው እንቅስቃሴ ከሚሰማው ጋር በጊዜ መገጣጠም እንዳለበት የሚያሳየው ታዋቂ ማስረጃ ማቲው ቦትቪኒክና ጆናታን ኮኸን በ1998 ያቀረቡት የጎማ እጅ ሙከራ ነው። የሰውየው እውነተኛ እጅ ተከልሎ የጎማ እጅ ከፊቱ ይቀመጣል፤ ሁለቱም በብሩሽ በአንድ ጊዜ ሲደባበሱ ሰውየው ንክኪውን በጎማው እጅ ላይ ይሰማዋል፣ የጎማውንም እጅ የራሱ አድርጎ መቁጠር ይጀምራል። ብሩሾቹ ሳይገጣጠሙ ሲቀሩ ግን ስሜቱ ይደክማል ወይም ይጠፋል። ይህ በመስታወት ፊት ለሚሠሩ ፀጉር ሠሪዎችና የፊዚዮቴራፒ ባለሙያዎች ቀጥተኛ ጥቅም አለው፤ ሰውየው የሚታከመውን አካሉን በመስታወት ውስጥ አጥርቶ ማየት ከቻለ፣ የሚያየውና የሚሰማው ስለሚገጥም ንክኪው ግልጽ ይሆንለታል። በሌላ በኩል በቪዲዮ የሚታይና በጥቂቱ የሚዘገይ ምስል ያሳስተዋል እንጂ አይረዳውም።

የሚታየው እጅ ፍጥነትም ከሚሰማው ጫና ጋር ይስማማ። እጅን በፍጥነት አምጥቶ በመጨረሻ ላይ በቀስታ ማሳረፍ የተለመደ ልማድ ነው፤ ተነኪው ግን ያየው ፍጥነቱን ስለሆነ ምት ይጠብቃል፣ ቀስታውም አያጽናናውም።

ጆሮ በንክኪው ጊዜ

ድምፅን በሦስት ወገን ከፍሎ ማየት ይጠቅማል፤ የሰው ድምፅ፣ የዕቃ ድምፅና የክፍሉ ድምፅ። ከሦስቱ ብዙ የሚረሳው የዕቃው ነው።

ማሲሚሊያኖ ዛምፒኒ፣ ስቲቭ ጌስትና ቻርልስ ስፔንስ በ2003 ባወጡት ጥናት ሰዎች ጥርሳቸውን በኤሌክትሪክ ብሩሽ ሲያጸዱ የብሩሹ ድምፅ ተለዋወጠባቸው። ድምፁ ሲጎላ፣ ወይም ቀጭኑ ክፍሉ ለብቻው ከፍ ሲል፣ ያው ብሩሽ ይበልጥ ሻካራና ደስ የማይል ሆነ። ይህን ወደ ጥርስ ሐኪም መሣሪያ፣ ወደ ፀጉር መቁረጫ ማሽንና በሚርገበገብ መሣሪያ ወደሚደረግ ማሳጅ መውሰድ አስቸጋሪ አይደለም። ከተቻለ ድምፁ ዝቅ ያለውን መሣሪያ ይምረጡ፤ የጠፉ ብሎኖችንና የላሉ ክዳኖችን ያስተካክሉ፣ የሚንቀጫቀጭ ድምፅ አብዛኛውን ጊዜ የሚመጣው ከእነርሱ ነውና። የማይቀር ድምፅ ከሆነ ከቆዳ ራቅ አድርገው አስነሥተው ያሰሙት፣ ከዚያ ያስጠጉት። ቆዳ ላይ አሳርፎ ማስነሣት ድምፁንም ንዝረቱንም በአንድ ጊዜ ያለ ማስጠንቀቂያ ያመጣል፤ በተለይ ልጆች ከዚያ በኋላ ማሽኑን ሲያዩ ያለቅሳሉ።

ጓንትን ጥርቅ አድርጎ ማጥለቅ፣ ፕላስተርን ጯ አድርጎ መቅደድ፣ መሣሪያን በብረት ትሪ ላይ መጣል፣ ሁሉም ቀጭንና ድንገተኛ ድምፆች ናቸው፤ ሁሉም ቀጥሎ የሚመጣውን ንክኪ ከመምጣቱ በፊት ያሻክሩታል። ትሪው ላይ ጨርቅ ማንጠፍ፣ ፕላስተሩን አስቀድሞ ቆርጦ ማዘጋጀት፣ ጓንቱን በእርጋታ ማጥለቅ ምንም ወጪ የማይጠይቁ እርምጃዎች ናቸው። ጓንቱ ሲጠለቅ መታየቱን ግን መደበቅ አያስፈልግም፤ ንጽሕናን ማየት ያረጋጋል።

የሰውን ድምፅ በተመለከተ አንድ ነገር ብቻ ላክል፦ የንግግርዎ ምት ከእጅዎ ምት ጋር ይሂድ። በዝግታ እየደባበሱ በጥድፊያ ማውራት፣ ወይም እያረጋጉ ከሌላ ሰው ጋር ስለ ሌላ ጉዳይ መነጋገር፣ የእጁን ሥራ ያፈርሰዋል። ዝምታ ከተሳሳተ ንግግር ይሻላል።

ሙዚቃም ስሜቱን ወደ ቆዳ ያሻግራል። በ2017 በታተመ ጥናት ተሳታፊዎች ክንዳቸው በሮቦት በሚንቀሳቀስ ብሩሽ ሲደባበስ የተለያዩ ሙዚቃዎችን ሰሙ፤ የሙዚቃው ስሜት ወደ ንክኪው ተላለፈ፣ የሚነካቸው ማሽን መሆኑን እያወቁም እንኳ። በዚህ ምክንያት ሙዚቃውን ለራስዎ መዝናኛ ብለው አይክፈቱ፤ ተነኪውን ይጠይቁት፣ ምርጫውም የእርሱ ይሁን። አንዱን የሚያረጋጋ ዜማ ሌላውን የሐዘን ጊዜውን ያስታውሰዋል። ፍጥነቱም ከእጅዎ ጋር መሄድ እንዳለበት አይርሱ፤ ፈጣን ሙዚቃ ሳያውቁት እጅን ያፈጥናል።

ሕመም ያለበት ንክኪ

መርፌ ሲወጋ ማየት ይሻላል ወይስ ፊትን ማዞር? ሁለቱም ወገን ማስረጃ አለው፣ የሚቃረኑ የሚመስሉትም የሚታየው ነገር ስለሚለያይ ነው። ማቲው ሎንጎና ባልደረቦቹ በ2009 ባቀረቡት ጥናት የራስን እጅ ማየት፣ ሌላ ዕቃ ከማየት ይልቅ፣ በዚያው እጅ ላይ የሚሰማውን ሕመም ቀንሷል። በ2012 የወጣ የማሪዮን ኾፍለና የባልደረቦቿ ጥናት ደግሞ መርፌ እጅን ሲወጋ የሚያሳይ ቪዲዮ የሚያዩ ሰዎች በእጃቸው ላይ የሚደርሰውን ማነቃቂያ ይበልጥ ደስ የማይል አድርገው እንደመዘኑት አሳይቷል። እንግዲህ ክንዱን ማየት ይጠቅማል፣ መርፌውን ማየት ይጎዳል ማለት ይቻላል፤ በተግባርም ሰውየው ክንዱን እያየ መርፌው በእጅዎ ወይም በጥጥ ተከልሎ ቢቀርብ ጥሩ ማስታረቂያ ነው። ይሁን እንጂ ሁሉንም ማየት የሚፈልጉና ሳያዩ የሚብስባቸው ሰዎች አሉ። «ማየት ይፈልጋሉ ወይስ ፊትዎን ያዞራሉ?» ብሎ መጠየቅ ሦስት ሰከንድ አይፈጅም፤ መልሱን ከጥናቱ ውጤት ማስቀደም ይገባል።

በአስጨናቂ ጊዜ የሚያዝ እጅም የማን እንደሆነ ለውጥ ያመጣል። ጄምስ ኮዋንና ባልደረቦቹ በ2006 እንዳሳዩት፣ ቀላል የኤሌክትሪክ ንዝረት ሊደርስባቸው እንደሚችል የተነገራቸው ባለትዳር ሴቶች የባላቸውን እጅ ሲይዙ በአንጎላቸው ያለው የሥጋት ምላሽ ቀነሰ፤ የማያውቁትን ሰው እጅ ሲይዙ የቀነሰው ግን በመጠኑ ነው። አብሮ የመጣ ቤተሰብ ካለ በክፍሉ ጥግ ከማስቀመጥ ይልቅ ታካሚው በሚያየው ቦታ አቁሞ እጁን እንዲይዝ ማድረግ ከባለሙያው ማጽናኛ የበለጠ ሊሠራ ይችላል።

ሲነኩት የሚኮረኮርን ሰው ሆድ መመርመር ሌላ ብልሃት ይጠይቃል። ሰው ራሱን መኮርኮር የማይችለው አንጎል የገዛ እንቅስቃሴውን ውጤት አስቀድሞ ስለሚገምት ነው፤ ስለዚህ ሐኪሞች የታካሚውን መዳፍ ከራሳቸው እጅ በላይ አሳርፈው አብረው ይጫናሉ። መኮርኮሩ ብዙ ጊዜ ይቀንሳል።

ማየት ወይም መስማት የማይችል ሰው

ዓይነ ስውር ለሆነ ሰው፣ ወይም በማሳጅ አልጋ ላይ በደረቱ ለተኛ ሰው፣ የዓይን ምስክርነት ሁሉ ወደ ድምፅ መዛወር አለበት። ሲገቡ ስምዎን ይናገሩ፤ ሲራመዱ እርምጃዎ ይሰማ፤ መሣሪያ ካለ በቅድሚያ በእጁ ይዳስሰው። ጀርባን በሚያሹበት ጊዜ ቅባት ለመጨመር እጅ ማንሣት ሲያስፈልግ አንደኛውን መዳፍ ሳያነሡ ይቆዩ፤ ሁለቱም እጆች ከተነሡ ቀጣዩ ንክኪ እንደገና ያልተጠበቀ ይሆናል።

መስማት የተሳነውን ሰው ከኋላ ትከሻውን መንካት ሊያስደነግጠው ይችላል። ወደ እይታው ክልል ይግቡ፣ እጅዎን በሚታይ ሁኔታ ያሳዩ፣ ዓይኑን ካገኙ በኋላ ይንኩ። የመርሳት ሕመም ያለባቸውን አረጋውያንም እንዲሁ ከፊት ለፊት መቅረብ ይመከራል፤ ከአንድ ደቂቃ በፊት የተነገራቸውን ላያስታውሱ ስለሚችሉ ግን እያንዳንዱን ንክኪ እንደ አዲስ ማሳወቅ ያስፈልጋል።

ኦቲዝም ካለባቸው ሰዎች አንዳንዶቹ ለስላሳውን ድብበሳ ከጠንካራ ጫና የበለጠ የሚረብሽ ሆኖ ያገኙታል፣ በብርሃንና በድምፅም ከሌላው የበለጠ ይረበሻሉ። ለእነርሱ ሙዚቃና ፈገግታ ከመጨመር ይልቅ መቀነስ ይበጃል፤ መብራቱን ማደብዘዝ፣ የሚንቋቋውን መሣሪያ ማጥፋት፣ አንድ ነገር በአንድ ጊዜ ማድረግ። ደግሞም ያልተፈለገ ንክኪን የትኛውም ቃና፣ የትኛውም ብርሃን የተፈለገ አያደርገውም፤ ከላይ የተባለው ሁሉ የሚሠራው ፈቃድ ካለ ብቻ ነው።

ለውጡ መሥራቱን ለማወቅ

«ደህና ነው?» የሚል ጥያቄ ብዙም አይረዳም፤ ሰው ለትሕትና ሲል «አዎ» ይላልና። ይልቁንም አንድ ዓይነት ንክኪ ሁለት ጊዜ፣ አንድ ነገር ብቻ ለውጠው ያቅርቡና የትኛው እንደተሻለው እንዲመርጥ ያድርጉ፤ ለምሳሌ በመጀመሪያ ከማሳወቂያ ቃል ጋር፣ ቀጥሎ ያለ ቃል። ከሌላ ሰው ጋር ሲሞክሩ ቅደም ተከተሉን ይገልብጡት፤ ሁለተኛው ንክኪ ስለተለመደ ብቻ የተሻለ መስሎ ሊታይ ይችላል። ከመልሱ በተጨማሪ ትከሻው መውረዱን፣ ጣቶቹ መፈታታታቸውንና ትንፋሹ መርዘሙን ይመልከቱ። ቃሉ «ተሻለኝ» ብሎ ትከሻው ወደ ጆሮው እንደተሰቀለ ከቀረ ትከሻውን ይመኑ። ከጥቂት ሰዎች በኋላም ልዩነት ካልታየ ያንን ለውጥ ትተው ወደ ሌላው ይለፉ፤ ሁለት ነገሮችን በአንድ ጊዜ ከለወጡ ግን የትኛው እንደሠራ ማወቅ አይቻልም።